የአንድ ቀን መግቢያ

ሜፕልዉድ፣ አሜሪካ፣ ጃንዋሪ 11, 2025

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሽ ያደታ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? የእናትዎ የእማማ ኢቢሴ ወገብ ተሻለው? «እኔና ልጃችን ሶሬቲ ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ጀመርኩና አጠፋሁት። አለን ማለት ይሻላል። አለን።

ልጅዎ ፈነት ያሉትን ነግራኛለች። ልክ ነዎት፣ ስልክ አይሆንም። እርስዎ እንዲሰሙኝ መጮህ አለብኝ፣ ስጮህ ደግሞ መርዶ ያልሰሙት እማማ ከጓዳ ሆነው ይሰማሉ። አማርኛ ባይናገሩም፣ ለቅሶ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን አይጠፋቸውም። ስለዚህ እጽፋለሁ፤ ልጅዎ ቢሮዋ አትማ ታምጣልዎት። ብቻ እንደ መምህርነትዎ ዘመን በቀይ እስክሪብቶ እንዳያርሙኝ።

ለጠየቁኝ፦ አዎ፣ ወንድምዎ ለሜሳ ሕጉን ጠብቆ ነበር። እዚህ ፎር ዊለር የምንለው ባለ አራት ጎማ ሞተር እንደ መኪና መንጃ ፈቃድ አይወጣለትም። ሞተሩ ግን ይመዘገባል፣ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ምዝገባው በየጊዜው ይታደሳል። በፈረንጅ ከ1987 አጋማሽ በኋላ የተወለደ ሰው ኮርስ ወስዶ ሰርተፊኬት ካልያዘ በመንግሥት መሬት ላይ መንዳት አይችልም። ለሜሳ ከዚያ በፊት ስለተወለደ አይመለከተውም። ኮርሱን የወሰደችው ልጃችን ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት አስመዘገባት፣ እሱም አጠገቧ ቁጭ ብሎ አብሯት ተማረ። በሐይቅ በረዶ ላይ መንዳትም አልተከለከለም። በረዶው ምን ያህል መወፈር እንዳለበት ይመክራሉ እንጂ ቆሞ የሚለካልዎት ሰው የለም። ጥፋተኛ ፈልገው ከሆነ ጋሼ፣ እኔም ፈልጌ አጥቻለሁ።

የቤተ ክርስቲያናችን ኪዳኔ በስልክ ምን ያህል እንደነገረዎት አላውቅም፣ እኔ በሥርዓት ልንገርዎት። በዲሴምበር አጋማሽ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ። በረዶ በስቶ ዓሣ ማጥመድን ፍሪድሊ ከተማ ያሉት የፋብሪካ ባልደረቦቹ ናቸው ያስለመዱት። ሐይቁ ከከተማችን በስተሰሜን ነው፣ ዳሩ ላይ ስቴት ፓርክ የሚሉት የመንግሥት መናፈሻ አለ። በመሃሉ ወንዝ ያልፍበታል፤ በዚያ በኩል በረዶው ስስ ነበር። አንድ ሌላ አጥማጅ ከሩቅ ሆኖ ከነሞተሩ ሲሰምጥ አይቶታል። ጠላቂዎች መጡ፣ ሞተሩን አዩት፣ እሱን አጡት። ውሃው ከበረዶው ሥር ይዞት ሄዷል። ከዚያ ብርዱ ጠና፣ ሐይቁ ተዘጋ፣ የአካባቢው ፖሊስ አለቃ ሸሪፉም «በረዶው ሲቀልጥ እንፈልጋለን» አለኝ። የሚቀልጠው ኤፕሪል ነው።

እንግዲህ ባሌ ሞቷል፣ ግን አልተገኘም። የምቀብረው የለኝም። ቤቴ ደግሞ ጭር ብሏል። እኔ አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ ባሌን ማልቀስ።

ታናሽ እኅትዎ፣
የትምወርቅ


ነቀምቴ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሚስት፣ ለእኅቴ ለየትምወርቅ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እናቴ ቤተ ክርስቲያን እስክትሄድ ጠብቄ አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። ቀይ እስክሪብቶዬ ከደረቀ ቆይቷል፣ አትፍሪ። ይልቅ የማዝነው ይህን ሁሉ ዘመን ከኦሮሞ ጋር ኖረሽ አንዲት ገጽ በኦሮምኛ መጻፍ ባለመቻልሽ ነው። ይህን ለለሜሳም ነግሬው ነበር።

ስለ ሞተሩ ሕግ በመጻፍሽ አመሰግናለሁ። እኔ ሕግ ያለበት አገር ሰው እንዲህ አይሞትም ብዬ ነበር። ልጅነት ነው፣ በስተርጅና።

እናቴ እሑድ እሑድ ከጸሎት መልስ ስልኩን ታቅፋ ትቀመጣለች። «ለሜሳ ለሥራ ርቆ ሄዷል፣ ኔትወርክ የሌለበት ነው» አልኳት። «አሜሪካ ኔትወርክ ከሌለው ሰው ምን ፍለጋ ይሄዳል?» አለች። ከብቶቹን ልይ ብዬ ወጣሁ። ከብት ከሸጥን ቆየን እኮ።

አሁን የምልሽን አድምጪኝ። ጥቁር አትልበሺ። ፀጉርሽን አትቆረጪ። አስከሬን ሳይገኝ ለቅሶ አይቀመጡም፤ በእኛ ቤት አይደረግም። ይህን የምልሽ ጨክኜ እንዳይመስልሽ። ኪዳኔንም አነጋግሬዋለሁ። የቀረውን ለእኔ ተዪው፣ አንቺ ልጅሽን ያዢ።

አይዞሽ። ጌታ ያጽናሽ።

ያደታ


ሜፕልዉድ፣ ፌብሩዋሪ 16, 2025

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ሳልጽፍ ስለቆየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የምሠራበት ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያው፣ ሰው ጎድሎበት በእረፍቴም እየገባሁ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ሥራ አይደለም ያስቀረኝ፤ ስለ ሞተሩ የቀረውን መጻፍ ፈርቼ ነው።

ሞተሩ ወጥቷል። ሐይቅ ውስጥ የሰመጠ ተሽከርካሪን ባለቤቱ በአንድ ወር ውስጥ ማውጣት አለበት፣ ካላወጣ ይቀጣል። ሕጉ ነው፤ ለዓሣውና ለውሃው ሲባል። ማሳሰቢያው የመጣው ደግሞ በእኔ ስም ነው። ያን ጊዜ ሞተሩ ሲመዘገብ ለሜሳ የሥራ ሺፍት ላይ ነበርና ወረፋ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ በስሜ ተመዘገበ። «ባለቤቱ አንቺ ነሽ፣ ሳታስፈቅጂኝ እንዳትነጂው» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ። የዚያ የጠላሁት ብረት ባለቤት ሆኜ ቀረሁ።

ኪዳኔና የቤተ ክርስቲያናችን ወንዶች መጋዝና ዊንች የሚባል መጎተቻ ይዘው ሄደው በረዶውን ቆርጠው አወጡት። ጋራዥ ውስጥ አስገቡልኝ። ኪዳኔ ቁልፉን በር ላይ ሰጠኝ። «ግባ እንጂ፣ ቀዝቅዘሃል» አልኩት። መሬት መሬት እያየ «ሌላ ጊዜ» ብሎ ሄደ።

ጋሼ፣ ማንም ቤቴ አይገባም። ማንም! አብሬያቸው የዘመርኩ፣ ሲወልዱ ገንፎ ያገነፋሁላቸው፣ ሰው ሲሞትባቸው ሳምንት ሙሉ ወጥ ይዤ የተመላለስኩ ሰዎች። ምግብ በር ላይ ያስቀምጣሉ፣ ደውል ይደውላሉ፣ ወጥቼ ሳይ መኪናቸው ታጥፏል። ሮሆቦትን፣ የኪዳኔን ሚስት፣ ሌክ ስትሪት ገበያው ውስጥ አገኘኋት። ጥብቅ አድርጋ አቀፈችኝ፣ ከዚያ እንባዋ ሲመጣ ጥላኝ ሮጠች። ጎረቤቴ ፈረንጇ እንኳ ኬክ ይዛ ገብታ ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰችልኝ። የእኔ ሰዎች ምን ሆነው ነው? ምን አድርጌያቸው ነው? እርስዎ ካወቁ ይንገሩኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር እሄዳለሁ። እሱ መኪናውን የሚያቆመው፣ ሰው ሁሉ በነፃ ጀልባ በሚያወርድበት በኩል ነበር፤ እዚያ መቆም አልቻልኩም፣ የገባበት ነው። ከፓርኩ በኩል ሆኜ አያለሁ። ስቴት ፓርክ ለመግባት ደግሞ እያንዳንዱ መኪና ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የአንድ ቀን ሰባት ዶላር፣ የዓመት ሠላሳ አምስት። የቀኑ ወረቀት ነው፣ ዳሽቦርድ ላይ ይቀመጣል። የዓመቱ መስታወት ላይ የሚለጠፍ ስቲከር ነው። በር ላይ ያለችው ሴትዮ ለመደችኝ። ባለፈው «የዓመቱን ብትገዢ አይሻልሽም?» አለችኝ። የቀኑን ስጪኝ አልኳት።

የትምወርቅ


ነቀምቴ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለየትምወርቅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። እናቴ አንድ ጋቢ አስፈትላ ለሸማኔ ሰጥታለች፤ «ለለሜሳ ነው፣ ያ አገር ብርድ ነው» ትላለች። ሆድ ይፍጀው ብዬ የሸማኔውን ሒሳብ ከፈልኩ።

ሰዎች ለምን አይገቡም ላልሽው፣ ሰው የራሱ ምክንያት አለው። አትቀየሚያቸው። ከዚህ በላይ አሁን አልመልስልሽም።

ሴትዮዋ የመከረችሽ ግን ልክ ናት። እኔ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ አምስት ቅዳሜ ከሄድሽ የዓመቱ ዋጋውን መልሷል። ምን አስቸገረሽ?

ያደታ


ሜፕልዉድ፣ ማርች 23, 2025

ለጋሽ ያደታ፣

ዛሬ ጤናዎን አልጠይቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ካላደረጉልኝም ምን አደርጋለሁ።

ሮሆቦት የሥራ ቦታዬ ፓርኪንግ ሎት ድረስ መጣች። ሆዷ አልቻለም። ሁሉን ነገረችኝ። ለካ እርስዎ ነዎት! «ወንድሜ ሳይገኝ በቤቱ እንባ እንዳይወርድ፣ ለቅሶ ለመድረስ ማንም ደጁን እንዳይረግጥ» ብለው ለኪዳኔ የላኩት። ኪዳኔም ለሰው ሁሉ አስተላለፈ። የታላቅ ወንድም ቃል ነው፣ ማን ያፈርሳል? እኔ እዚህ ተቀምጬ ራሴን ስመረምር፣ ማንን አስቀይሜ ነው እያልኩ፣ አንድ በአንድ ሳስብ ከረምኩ። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር። ጠይቄዎት እንኳ «ሰው የራሱ ምክንያት አለው» አሉኝ።

አስከሬን ሳይገኝ ለቅሶ አይቀመጡም ብለው ሊያስተምሩኝ! ለቀባሪው አረዱት። ባሌን ውሃ ሲወስደው የቀረሁት እኔ ነኝ። እንዳልተገኘ በየቀኑ የማውቀው እኔ ነኝ።

ስለ ሶሬቲ ልንገርዎት፣ ለማን እነግረዋለሁ። ያ ነገር ከሆነ ጀምሮ በእንግሊዝኛ እንኳ ብዙ አትመልስልኝም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ እኔም ልምጣ ብላ ተከተለችኝ። መኪና ውስጥ ሆነን በረዶውን እያየን ድንገት መናገር ጀመረች። የዚያን ቀን ጠዋት «ዳዲ፣ በረዶው ገና ነው፣ ኮርሱ ላይ የተማርነውን ረሳኸው?» ብላው ነበር። ሳቀና ራሷን ሳማት፣ «ኢንስፔክተሬ» አላትና ሄደ። ቁልፉን ልደብቅበት አስቤ ነበር አለችኝ። ይህን ለብቻዋ ይዛ ነው ክረምቱን የከረመችው፣ ጋሼ! የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ! ቤታችን ሰው ቢኖር፣ አንዷ እናት አቅፋ ብታስለቅሳት፣ ከወር በፊት በወጣላት። ሰው በሌለበት ቤት ሕፃን ልጅ እንዴት ታልቅስ? እኔ ብቻዬን እንዴት ልያዛት?

የዓመቱን ግዢ ብለውኛል፣ ሒሳቡንም አስልተውልኛል። ሒሳቡ አይጠፋኝም። የዓመቱን የሚገዛ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚመጣ ሰው ነው። እኔ የምሄደው ዛሬ አገኘዋለሁ ብዬ ነው፤ ሁልጊዜ ዛሬ። ያን ስቲከር መስታወቴ ላይ ከለጠፍኩ፣ አላገኘውም ብዬ ፈረምኩ ማለት ነው።

እዚያ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ ያደረገ። ማርች ሆኖ እንኳ በረዶ ይጥላል፣ ያ ወንበር ግን ሁልጊዜ በረዶው ተጠርጎለት ነው የማገኘው። የፓርኩ ሠራተኞች ይመስሉኛል፤ ጌታ ይባርካቸው። ከእኛ ሰው እነሱ ተሻሉኝ።

የትምወርቅ


ነቀምቴ፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ፣ ለየትምወርቅ፣

ብትሰድቢኝም አይከፋኝም ነበር። አልሰደብሽኝም፣ የባሰው እሱ ነው።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ምክንያቱን ስሚና ፍረጂኝ።

ታላቃችን ጎንፋ በደርግ ጊዜ ተይዞ ወደ ሰሜን ጦር ተወሰደ። ሞቷል ብለው ወሬ አመጡ። እናቴ ፀጉሯን ተላጨች፣ ልብሱን ለድሃ ሰጠች፣ አገር ተሰብስቦ አለቀሰ። እኔም ወጣት ነበርኩ፣ አብሬ ጮኼአለሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ ጎንፋ በእግሩ መጥቶ ከአጥራችን በር ቆመ። እናቴ ስታየው ወደቀች። ከተነሣችም በኋላ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። «በቁምህ የቀበርኩህ እኔ ነኝ» እያለች እስከ ዛሬ ቀን ምግቡን ራሷ ካላቀረበችለት አይሆንላትም፣ እሱ ሽማግሌ ሆኖ። ያን ጊዜ ማለች፤ «ያላየሁትን ሞት ከእንግዲህ አላለቅስም፣ በቤቴም አይለቀስም» ብላ። ለኪዳኔ ስልክ ሳስደውል የእሷ መሐላ ነበር በጆሮዬ ያለው። በዚያ ላይ እዚያ ከተለቀሰ ወሬው ውቅያኖስ ተሻግሮ ከእኔ ቀድሞ እናቴ ጋ ይደርሳል ብዬ ፈራሁ። ለአንዲት አሮጊት ስል ሌላዋን ሴት ከነልጇ ብቻዋን አስቀረሁ። ስለ ሶሬቲ የጻፍሽውን ካነበብኩ ወዲህ እህል አልወርድ ብሎኛል።

ለኪዳኔ ጽፌለታለሁ። «ቃሌን አንስቻለሁ፣ ግቡ፣ አልቅሱላት፣ እኔን ደግሞ ይቅር በሉኝ» ብዬዋለሁ። የመለሰልኝን አልጽፍልሽም። እሱ ራሱ ይንገርሽ።

ወንድምሽ፣
ያደታ


ሜፕልዉድ፣ ኤፕሪል 23, 2025

ጋሼ፣

ተገኘ። ዛሬ ረቡዕ ጠዋት። በረዶው በፋሲካ ሰሞን አልቆ ነበር። ከዳር የነበረ ሰው አይቶ ደወለ ብሎ ሸሪፉ ነገረኝ። ሄጄ አይቼዋለሁ። እሱ ነው።

ቅዳሜ እንቀብረዋለን። ለእማማ አሁን ይንገሯቸው። ሌላ መጻፍ አልችልም።

የትምወርቅ


ነቀምቴ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለየትምወርቅ፣

እንዴት ከረምሽ አልልሽም። ሶሬቲን ስሚልኝ።

መርዶውን ነገርናት። ሽማግሌዎቹ ገና ሲነጋጋ መጡ። ጎንፋ ከፊት ሆኖ ገባ፣ እሱ ካልሆነ አታምንም ብለን ነው። ሁላችንን አየችና «ማንን ነው ያመጣችሁልኝ?» አለች። ጎንፋ «ለሜሳን» አላት። አልጮኸችም። «አየኸው?» አለችው። «እኔ አላየሁትም እናቴ፣ ሚስቱ ግን አይታዋለች፣ በእጇም ቀብራዋለች» አላት። «እሷ ካየችው እኔም አይቻለሁ» አለች። ከዚያ አለቀሰች። አገሩ ሁሉ አለቀሰ። እኔ ጆሮዬ ባይሰማም ደረቴ ላይ ይሰማኝ ነበር። ሸማኔው ጋቢውን ሳያውቅ በዚያው ቀን አመጣው፤ ጉልበቷ ላይ አድርጋው ነው የምትውለው።

አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፣ አንድ ብቻ። «ልጄ በሰው አገር ውሃ ውስጥ ሲከርም ማን ቆመለት? ሰው ነበረው? ወይስ ሚስቱ ብቻዋን ነበረች?» አለችኝ። ሰዎቹን የከለከልኩ እኔ ነኝ፣ ምን ልበላት? «የትምወርቅን እጠይቅልሻለሁ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «ደብዳቤው መጣ?» ትለኛለች። ለቀስተኛ «ልብሽን ያሳርፍልሽ» ሲላት «ገና ነኝ፣ ደብዳቤ እጠብቃለሁ» ትላለች።

ያለውን ጻፊልኝ። ብቻሽን ከነበርሽም ብቻዬን ነበርኩ በይ፣ አልደብቃትም።

ያደታ


ሜፕልዉድ፣ ሜይ 25, 2025

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሽ ያደታ፣ ለእናቴም ለእማማ ኢቢሴ፣

ጌታ ያጽናችሁ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። ልጽፍ እየተቀመጥኩ እያለቀስኩ እነሣ ነበር፤ አሁን ግን እንባው የሚያሳርፍ እንባ ሆኗል።

ያን ረቡዕ ሸሪፉ ሲደውልልኝ ሶሬቲን ከትምህርት ቤት ይዤ ወጣሁ። እንዴት ድራይቭ እንዳደረግሁ አላውቅም። ፓርኩ በር ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ካርዴን አውጥቼ «የአንድ ቀን» አልኳት ሴትዮዋን። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ካርዱን መልሳ እጄ ውስጥ አስጨበጠችኝና «ዛሬ አትከፍይም፣ ግቢ። ሰዎችሽ ውስጥ ናቸው» አለችኝ።

«የትኞቹ ሰዎቼ?» አልኳት። በእጇ ወደ ውስጥ አሳየችኝ።

ገባሁ። ፓርኪንግ ሎቱ ሞልቷል። የኪዳኔ ቫን፣ የፓስተራችን አሮጌ ካምሪ፣ የኳየር ልጆቹ መኪና፣ ኡበር የሚሠሩት፣ ትራክ የሚነዱት፣ ከሴንት ፖል፣ ከፍሪድሊ፣ ከየትም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፣ አልዋሽም። ዛሬ ሲገኝ መጣችሁ? አልኩ በልቤ። ክረምቱን ሙሉ የት ነበራችሁ?

ቀድማ ያየችው ሶሬቲ ናት። ከመኪና ወርጄ ልሄድ ስል እጄን ያዘችኝ። «ማሚ፣ መስታወታቸውን እዪ» አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። አየሁ። አንዱም መኪና ላይ የቀን ወረቀት የለም። ሁሉም መስታወት ላይ የዓመቱ ስቲከር ተለጥፏል። እዚያ ስቲከር ላይ የተገዛበት ወር ይታወቃል፤ አገልግሎቱ ከዚያ ወር እስከ ከርሞ ያ ወር ነው። ልጄ በመኪኖቹ መካከል እየሄደች ታነባለች። «ይሄ ከጃንዋሪ ነው። ይሄም ጃንዋሪ። ይሄ ፌብሩዋሪ። ማሚ፣ እነዚህ ክረምቱን ሙሉ እዚህ ነበሩ» አለችኝ።

ኪዳኔ ወደ እኔ መጣ። ያን ጊዜ ነው የነገረኝ። «ቤትሽ እንዳንገባ ታዘዝን» አለኝ። «ሐይቁን ግን ማንም አልከለከለንም። ወንድማችንን ውሃ ውስጥ ብቻውን ትተን እንዴት ቤታችን እንተኛ? ተራ ገባን። ጋሽ ያደታ ቃላቸውን ሲያነሡም ‹መጀመሪያ ወንድማችን ይገኝ› ብዬ መለስኩላቸው።» ሠርቶ የወጣው፣ ሥራ የሌለው፣ ልጅ ያዘለችው፣ በየተራ እየመጡ ሐይቁን ይጠብቁ ነበር። ዝም ብለው ቆመው፣ ጸልየው ይመለሳሉ። ቅዳሜን ለእኔ ትተው። እንዳላያቸው ነው፤ ካየኋቸው ለቅሶ መድረስ ይሆንባቸዋል፣ የእርስዎ ቃል ይፈርሳል። ወንበሬን የሚጠርገው ደግሞ የፓርክ ሠራተኛ አልነበረም። ኪዳኔ ነው፣ ዓርብ ዓርብ ከሺፍት ሲወጣ።

ከዳር ሆኖ አይቶ የደወለው ሰው ሮሆቦት ናት። ረቡዕ የእሷ ተራ ነበር። ስልኩን ዘግታ ውሃው አፍ ላይ ቆማ፣ ሸሪፉ እስኪደርስ ድረስ ስሙን እየጠራች ስታናግረው ነበር። ብቻውን እንዳይመስለው ነው አለችኝ።

እዚያው አለቀስን። መሬት ላይ ተቀምጠን፣ ሐይቁ ፊት። ሶሬቲን ሮሆቦት እቅፏ ውስጥ አስገብታ አስለቀሰቻት፣ ልጄም በአማርኛ «አባዬ» ስትል ሰማኋት፤ ከሕፃንነቷ ወዲህ እንዲህ ብላው አታውቅም። የፓርኩ ሠራተኞች ቆባቸውን አውልቀው ከሩቅ ቆመው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ ሰው ታጥቶበት አያውቅም። እንዲያውም ወንበር አጥቼ ከጎረቤቴ ከፈረንጇ ተበድሬአለሁ።

ሞተሩ እስካሁን ጋራዥ ውስጥ ነው። ምዝገባው ሊያልቅ ስለሆነ ሶሬቲ «አድሺው» ትለኛለች። ጊዜ ስጪኝ አልኳት።

ከቀብሩ በኋላ ባለፈው ቅዳሜ ከልጄ ጋር ወደ ሐይቁ ሄድን። ሴትዮዋ የቀኑን ወረቀት ልትሰጠኝ እጇን ስትዘረጋ «የዓመቱን ስጪኝ» አልኳት። ሶሬቲ ናት የለጠፈችው፣ መስታወቱን በእጅጌዋ ጠርጋ።

ጋሼ፣ እርስዎንም ይቅር ብያለሁ፣ ከልቤ። ሰዎቼ ቃልዎን ጠበቁ፣ ወንድምዎንም አልተዉም። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች እንዳሉኝ እኔም አላውቅም ነበር።

እማማ ለጠየቁት፦ ሰው ነበረው። ብቻዬን አልነበርኩም፣ እኔ ነኝ ያላወቅሁት። ለአንድ ቀን የሚመጣ ሰው የአንድ ቀን ይገዛል፤ እነሱ እስኪገኝ ሊቆሙለት የዓመቱን ገዙ። ይህን ወደ ኦሮምኛ መልሰው፣ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ያንብቡላቸው። ጮክ ብለው ያንብቡ ጋሼ፣ ከእንግዲህ ከእማማ የምንደብቀው ነገር የለም።

ታናሽ እኅትዎ፣
የትምወርቅ